የጤና መድህን ደብተራችን መተማ ላይ ለምን አይሠራም?

የባሶና መምህር (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ዛሬ የማነሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ስለሚወርዱ ልጆቻችን ነው። ከሰሜን ሸዋ ለቀን ሥራ የሚወጣው አብዛኛው ልጅ ወደ ምንጃር ጤፍ፣ ወደ መተሐራ አገዳ ወይ ወደ አዲስ አበባ ግንባታ እንደሚሄድ አውቃለሁ። መተማና ሁመራን የሚያጥለቀልቀው የጎንደር፣ የጎጃምና የወሎ ልጅ ነው። ግን ከእኛም የሚሄድ አለ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ ቻይና ካምፕና ባቄሎ ከሚኖሩት ወጣቶች መሀልም «ቁጭ ብዬ ስንዴ ከምጠብቅ» ብሎ ብድግ የሚል አይጠፋም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አባት በየዓመቱ መዋጮውን ለቀበሌ ይከፍላል። የቤተሰቡ ደብተር ላይ የልጁ ስም አለ። ልጁ ሰላድንጋይ ቢታመም በዚያው ይታከማል። መተማ ሲታመም ግን ደብተሩን የሚያየው የለም። ሰውየው ያው፣ ክልሉ ያው፣ መንግሥቱም ያው። ለምን?

ድንበሩ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በኮቪድ ጊዜ ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሻገር ሰው ግንባሩ ላይ ሙቀት መለኪያ ይደገንበት ነበር። ጥሩ ነገር ነው። በ1999 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የጤና ደንብም አገሮች መግቢያ በራቸው ላይ በሽታ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ከድልድዩ ራቅ ብሎ እርሻ ውስጥ ያደረውን ልጅ ግን ማን ይለካዋል? እሱ ድንበር አልተሻገረም። ስለዚህ የማንም ጉዳይ አይደለም።

የምታውቁ ሐሳብ ስጡ። ስድብ አልፈልግም።

ሾፌር ነኝ (ሸዋሮቢት)

መምህር፣ ልክ ብለሃል። እኔ ብዙ ጊዜ የምመላለሰው በጋላፊ ጅቡቲ ነው። መተማም ጭነት ጭኜ ወርጃለሁ። ሁለቱን ሳወዳድር አንድ ነገር ይገርመኛል። እኛ ሾፌሮች ኤችአይቪ ያሰራጫሉ ተብለን ስማችን ሲጠፋ ኖሯል። ግን ያ ስም ጠቅሞናል ማለት ይቻላል። በየማደሪያው ከተማ ምርመራ አለ፣ ምክር አለ፣ ኮንዶም በነፃ አለ። ፕሮጀክት ሁሉ ሾፌር ሾፌር ሲል ነበር። መንገዱ ላይ እንታያለና።

የቀን ሠራተኛው ግን አይታይም። አንድ ጊዜ ሰሊጥ ልጭን እርሻ ድረስ ገብቼ አደርኩ። ልጆቹ ግራር ሥር ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው በላዩ ይተኛሉ። ውኃው ከፀሐይ በታች በቆመ በርሜል ነው፣ ክዳን የለውም። አንዱ ጆግ ለሁሉም። መሬቱ ጥቁር መረሬ ሆኖ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሌሊት እኔ ጋቢና ውስጥ መስኮት ዘግቼ እንኳ ስታከክ ነው ያነጋሁት።

ጠዋት አንዱ ልጅ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ሂላው (የሠራተኞቹ ማረፊያ) ጥግ ተጠቅልሎ ቀረ። ካቦው «ዛሬ ካልሠራህ ዛሬ አትከፈልም» አለው። አለቀ።

ጤና መኮንን

ሾፌሩ የጻፈው ስለ ግራርና ስለ መሬት ስንጥቅ ያለው ነገር ሳያውቀው ዋናውን ነገር ነው የተናገረው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትውለው እዚያ ነው። በጥቁር አፈር ስንጥቅ፣ በኩይሳ፣ በግራር ሥር። ማታ ትወጣለች፣ ድምፅ የላትም፣ ከወባ ትንኝም ታንሳለች። ግራር ሥር ሜዳ ላይ መተኛት ማለት ከእሷ ጋር አብሮ መተኛት ነው።

መተማና ሁመራ በአገራችን ዋናው የካላዛር ቀጠና ነው። በሽታው ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ያጠቃል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። ቶሎ ከተያዘ ግን ይድናል። በአገራችን የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ የሚወጋ ሁለት መድኃኒት ነው። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ይባላሉ። መድኃኒቱ ራሱ በነፃ ነው። ሰውን የሚያደኸየው ትራንስፖርቱ፣ ምግቡ፣ አስታማሚው ሰው ሥራ መፍታቱ ነው።

ለእኛ ለሰሜን ሸዋዎች አደገኛው ነገር ምን መሰላችሁ? በሽታው ቶሎ አይታይም። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይደበቃል። ልጁ በጥቅምት ሰሊጥ ያጭዳል፣ በኅዳር ደህና ሆኖ ይመለሳል፣ ትኩሳቱ የሚጀምረው በጥር ወይ በየካቲት እናቱ ቤት ነው። ደጋ ላይ። ካላዛርን ከመጽሐፍ ውጭ አይቶ የማያውቅ ባለሙያ ፊት።

ይሄ እንዲሁ የምፈራው ነገር አይደለም። በ1997 ሊቦ ከምከም ላይ ሆኗል። ደጋ ነው፣ ካላዛር ታይቶበት አያውቅም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ያመጡት ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ነው የሚታመነው።

እህት ነኝ (ሞጃና ወደራ)

ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ጤና መኮንኑ የጻፈውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ታናሽ ወንድሜ መተማ ሠርቶ ከመጣ ወራት አልፈውታል። ከጥር ወዲህ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል። አንድ ጤና ተቋም ወሰድነው፣ ወባ ነው ብለው ኮአርተም ሰጡት። ትንሽ ተሻለው። ተመልሶ ያዘው። ድጋሚ ኮአርተም። ሦስተኛው ላይ ታይፎይድ ተባለ። እግሩ እንጨት ሆኗል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። በግራ በኩል ከጎድኑ ሥር እጄን ሳደርግ ጠንካራ ነገር አለ። አፍንጫውም ይደማል። ባና ደርበንለት ይንቀጠቀጣል። እናታችን ዓይን ነው ብላ ጠበል ልትወስደው ተነስታለች።

በሞቴ ምን ላድርግ?

ጤና መኮንን

እህቴ፣ ጠበሉን እናትሽን አትከልክያት። ግን ከሆስፒታሉ በኋላ ይሁን፣ ወይም እየታከመ ይጠመቅ። ወባና ታይፎይድ ተብሎ የሰጡትን ወረቀት ሁሉ ሰብስቢ። ዛሬ ነገ ሳትይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰጂው። እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትናገሪው «ትኩሳት አለው» የሚለውን እንዳይሆን። «መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ የመጣ ነው፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል፣ ጣፊያው አብጧል፣ ካላዛር እንዳይሆን እንፈራለን» በይ። እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ ሲሰሙ ነው ሐኪም ጆሮው የሚቆመው። የት እንደከረመ ካልተነገረው ማን ይጠረጥራል?

ከጣት ደም ተወስዶ የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ኪቱ በብዛት የሚገኘው በሽታው ባለበት አካባቢ ስለሆነ እዚያ ከሌለ ወዳለበት ሪፈር ይጻፍላችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ ማዕከል አለው። የኤችአይቪ ምርመራም ያደርጉለታል፤ አትደንግጡ፣ የካላዛር ሕመምተኛ ሁሉ ይመረመራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጠው መድኃኒት ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤት እንዳይርቃችሁ። በትንፋሽ፣ አብሮ በመብላት፣ በመንካት አይተላለፍም።

ቁጡው (አጣዬ)

እኔ ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ከሱዳን የመጣው ስደተኛ መተማ ላይ ክሊኒክ አለው፣ አምቡላንስ አለው፣ ነጭ መኪና ይመላለስለታል። የእኛ ልጅ በገዛ አገሩ ግራር ሥር ይሞታል። ይሄ ነው ፍትሕ? ሕጉ እንኳ ለእነሱ ተጽፎላቸዋል።

ኩመር የሠራሁ

ወንድም ቁጡው፣ ንዴትህ ይገባኛል። የምትናደድበትን ሰው ግን ተሳስተሃል።

እኔ ከሱዳኑ ጦርነት በኋላ እዚያ፣ ኩመር በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ሠርቻለሁ። ጦርነቱ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። ሰዉ በመተማ በኩል እንደ ጎርፍ ገባ። ዶክተር አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ልጅ ያቀፈች እናት አለች። በዚያው ክረምት ኩመር ውስጥ ኮሌራ ገባ። ያ ያልከው ክሊኒክ ድንኳን ነው፣ አልጋው መሀሉ ቀዳዳ የሆነ የኮሌራ አልጋ ነው፣ ከሥሩ ባልዲ። ሌሊት በባትሪ ግሉኮስ ስንሰካ እናድር ነበር። ዘረፋውና ድብደባው ሲበዛባቸው ደግሞ በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከኩመርና ከአውላላ ጣቢያ ከ1,000 በላይ ሰው ወጥቶ መንገድ ዳር ሰፈረ። ይሄን ነው ተመቻቸው የምትለው?

ሕጉን በተመለከተ፣ አዋ፣ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው አገር ውስጥ ያለውን የጤና አገልግሎት ያግኝ ይላል። ያለውን ነው የሚለው። የሌለ ነገር አይፈጥርለትም። የመተማ ጤና ጣቢያ በአጨዳ ወቅት ለነዋሪው ተብሎ በተመደበ መድኃኒት ነዋሪውንም፣ ስደተኛውንም፣ ከየአገሩ የመጣውን የቀን ሠራተኛም ያክማል። መድኃኒት ሲያልቅ ሦስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ። ችግሩ በጀቱ የሚሠራው በተመዘገበ ነዋሪ ቁጥር መሆኑ ነው። በመስከረምና በጥቅምት እዚያ ያለው ሰው ስንት እንደሆነ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ጤና ኤክስቴንሽኗም እንደዛው ናት። ቤት ለቤት ትዞራለች። የእርሻ ካምፕ ቤት አይደለም፣ ስለዚህ ዙሯ ውስጥ አይገባም።

ቁጡው (አጣዬ)

ድብደባውን አልሰማሁም ነበር። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ለስደተኛው ቢያንስ ተጠሪ ድርጅት አለው። ለቀን ሠራተኛው ማን አለው?

ኩመር የሠራሁ

እሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማንም የለውም። ድንበሩ አቅራቢያ ባለችው አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለብዙ ዓመት ካላዛርና የእባብ ንድፊያ ሲያክሙ ኖረዋል። የውጭ በጎ አድራጎት ባይኖር ስንቱ እዚያው በቀረ።

ጋሼ ነኝ (አንጎለላ)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በጥሞና አነበብኩ። እኔ በጡረታ ያለሁ ሰው ነኝ። የድንበሩን ነገር ማንም ስላላነሳው ልበል።

ያ መሬት የማን እንደሆነ ራሱ የተቋጨ አይደለም። የእኛው የአንጎለላው ምኒልክ በፈረንጆቹ 1902 ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ። በዓመቱ ሜጀር ጉዊን የሚባል እንግሊዝ ብቻውን ሄዶ ምልክት ተከለ። እስከ ዛሬ የሚያጨቃጭቀን ያ መስመር ነው። በ2013 መጀመሪያ ወራት ሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ሲገባ የሱዳን ጦር አልፋሽቃ የሚባለው አከራካሪ የእርሻ መሬት ገባ፣ የእኛ ገበሬዎች ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ባለሀብቱ ካሣ ካሣ ሲል ሰምተናል። እዚያ ሲያጭድ የነበረው ልጅ ያልተከፈለው ደሞዝ ግን በማንም አንደበት አልተነሳም።

እና ልጆቼ፣ አከራካሪ መሬት ላይ ጤና ኬላ የሚሠራ መንግሥት የለም። ወታደር ይሰፍራል፣ ቀራጭ ይሰፍራል። ሐኪም መጨረሻ ነው የሚመጣው። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለውን ታውቃላችሁ፤ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒትም ይዘጋል። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም።

የመድህን ሠራተኛ የነበርኩ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ ወደ መምህሩ ጥያቄ ልመለስ። ወረዳ ላይ በጤና መድህን ክፍል ሠርቻለሁ።

ደብተሩ መተማ ላይ የማይሠራው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አሠራሩ እንደዛ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 በ13 ወረዳ ሲሞከር የተሠራው እዚያው ተወልዶ እዚያው ለሚታከም ገበሬ ነው። መዋጮው ወረዳ ቋት ይገባል። ወረዳው ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታል ጋር ውል ይፈራረማል። ያከመ ተቋም ሒሳቡን ለወረዳው ያቀርባል፣ ወረዳው ይከፍላል። የሞጃና ወረዳ ከመተማ ተቋም ጋር ውል የለውም። ስለዚህ መተማ ቢያክመው ሒሳቡን ለማን ይላክ?

መፍትሔው ግን ሰማይ የራቀ አይደለም። ወረዳዎች አሁንም ከወረዳቸው ውጭ ካለ ሆስፒታል ጋር ይዋዋላሉ። ደብረ ብርሃን የሚታከመው የየወረዳው ሰው በዚሁ መንገድ ነው። ያንኑ ውል ወቅት ጠብቆ ከምዕራብ ጎንደር ተቋማት ጋር ማድረግ ይቻላል። አለዚያ የወረዳውን ቋት ወደ ክልል ማሳደግ ነው፤ እሱ ትልቅ ሥራ ነው። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ወረዳው «ወጪዬ ይጨምራል» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቋቱ ቀድሞውኑ ስንጥቅ ነው። ለደሃ ደሃው መንግሥት የሚከፍለው ድጎማም አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል። መድኃኒት የለም ተብለው ከግል ፋርማሲ የገዙ አባላት «ምን ልናደርገው?» ብለው ማደስ እየተዉ ነው።

ተፈናቃዮቹ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። እነሱ የቤተሰብ ደብተር የነበራቸው ወለጋ ነው።

የእርሻ ባለቤት ልጅ

ሁሉም ሰው ባለሀብቱን ሰይጣን አድርጎ ሣለው። እስቲ እኔንም ስሙኝ። አባቴ መሬት ተከራይቶ ሰሊጥ ያመርታል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬው ከደረሰ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ ይረግፋል። ሠራተኛ ሲጠፋ ዋጋው በአንድ ሳምንት እጥፍ ይሆናል። አጎበር ገዝተን አድለን እናውቃለን። በሳምንቱ ገበያ ላይ ሲሸጥ አየነው። በዚያ ላይ እገታ አለ፣ ኬላ አለ፣ ብድር አለ። የሁሉንም ሠራተኛ ሕክምና ቻሉ ከተባልን እርሻውን እንዝጋው።

ሾፌር ነኝ (ሸዋሮቢት)

አጎበሩን የሸጠው የት ይስቀለው? ግራሩ ላይ? መጀመሪያ ዳስ ሥሩና ከዚያ አጎበር ስጡ።

ጤና መኮንን

ሾፌር ጨረሰልኝ። በዚያ ላይ የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነች ሰፊ ቀዳዳ ባለው ተራ አጎበር ውስጥ ትገባለች። መድኃኒት የተነከረ፣ ቀዳዳው የጠበበ ይፈልጋል። የእርሻ ባለቤት ልጅ፣ ክፋት የለብህም፣ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአንድ ወቅት የተቀጠረውንም ሠራተኛ ነው የሚለው። የሠራተኛውን ጤናና ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ መስጠት አለበት። አባትህ ጋ ወረቀት የያዘ አንድ ሠራተኛ አለ?

የእርሻ ባለቤት ልጅ

ወረቀት የለም። በካቦ ነው የሚሠራው። ሁሉም ጋ እንደዛ ነው።

ጤና መኮንን

እኮ። ለዚህ ነው ልጁ ሲታመም አሠሪ የማይገኝለት።

እህት ነኝ (ሞጃና ወደራ)

ሆስፒታል ገብቷል። መተማ ከርሞ ነው ስላቸው ዶክተሩ ብድግ ብሎ ሆዱን ዳሰሰው፣ ከዚያ ሪፈር ተጻፈልን። አጎቴ ይዞት ሄዷል። ለትራንስፖርትና ለስንቅ አንዲት ጊደር ሸጠናል። ጤና መኮንን፣ እመቤቴ ትጠብቅህ።

የመንዝ ልጅ

እግዜር ይማረው እህቴ። የጊደሯን ነገር ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። መድኃኒቱ ነፃ፣ መንገዱ ጊደር! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ ይሂድ ይላል። እኛ ጋ እያደገ ያለው የአውቶቡስ ታሪፍ ነው።

የባሶና መምህር (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመድህን ሠራተኛው ያለው ሐሳብ ላይ ልያዝ። አባላት የሚሰበሰቡበት ቀን ሲመጣ በየወረዳችን የምናነሳው አንድ ገጽ ጥያቄ ላዘጋጅ ነው። አንደኛ፣ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ከምዕራብ ጎንደር ጤና ተቋማት ጋር የወቅት ውል ይኑር። ሁለተኛ፣ ከቆላ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ባለሙያው «የት ከርመህ ነው?» ብሎ መጠየቁ ግዴታ ይሁን፤ ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ እዚህ ያሉ ተፈናቃዮች በሚኖሩበት ከተማ አባል ይሁኑ።

የመድህን ሠራተኛ የነበርኩ

ሁለተኛውን ለወረዳው ሳይሆን ለዞን ጤና መምሪያ ጻፉት። አንደኛው ላይ «ውል» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ ሒሳቡ በስንት ቀን ይወራረዳል የሚለውን ጨምሩ። ካልተከፈለው መተማ ያለው ጤና ጣቢያም በሚቀጥለው ዓመት አያክምላችሁም።

ቁጡው (አጣዬ)

ካቦውና አሠሪውስ የት ገቡ? ገበሬው መዋጮ ይክፈል፣ ወረዳው ይክፈል፣ እናት ጊደር ትሽጥ። ሰሊጡን ኤክስፖርት የሚያደርገውስ? አራተኛ ብለህ እሱን ካልጨመርክበት እኔ አልፈርምም።

የባሶና መምህር (ደብረ ብርሃን)

ይጨመራል። የእርሻ ባለቤት ልጅ፣ አራተኛውን አንተ ጻፈው እስቲ፤ አባትህ ሊቀበለው የሚችለውን ያህል። ከዚያ ቁጡው ያርመዋል።